የተሰረዘው አምድ

ናስትሆ ዩኒስ ወንበር ላይ መርጋት አይሆንላትም። ሁለት መስመር ኮድ ትጽፋለች፣ ተነስታ መስኮቱ ድረስ ትሄዳለች፣ የጅግጅጋን ባጃጆች ታያለች፣ ተመልሳ ቁጭ። «አንቺ ልጅ፣ ምስማር ላይ ነው እንዴ የተቀመጥሽው?» ይሏታል አለቃዋ አቶ ወልደሩፋኤል። እሷ ምን ታድርግ! የመዝጋቢነት ኮንትራቷ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ የዳታ ተንታኝ የምትባለው ቋሚ ቦታ ክፍት ናት፤ ፈተናው ደግሞ ይኸው ጠረጴዛዋ ላይ ተዘርግቷል።

ጊዜው 2014 ነው፣ ዝናብ ጠፍቶ ከብት ያለቀበት ዓመት። መሥሪያ ቤቷ፣ የእርዳታ ድርጅቱ፣ በሐርተሼክ ዙሪያ የከብት መኖ ሊያድል 1,412 አባወራ መዝግቧል። የመጣው መኖ ግን ለ1,200 ብቻ ነው። ቀበሌውም ሽማግሌዎቹም በየፊናቸው ስለመዘገቡ ሁለቴ የተጻፈው ብዙ ነው።

«ድግግሞሹን የሚያወጣ ፕሮግራም ጻፊልኝ» አሏት አቶ ወልደሩፋኤል። «እስከ ሐሙስ ስድስት ሰዓት። በደንብ ከሠራ ቦታዋ ያንቺ ናት።»

ፓይተን የሚሉትን የኮምፒውተር ቋንቋ በስምንት ወር ከስልኳ ላይ ነው የተማረችው። መጀመሪያ የሰው ኮድ እየገለበጠች መጸለይ ነበር ሥራዋ። አሁን የራሷን ትጽፋለች፣ ሁለት ሠንጠረዥ ታገናኛለች፣ ኩራት ቢጤም ጀማምሯታል። ጉድ የሠራቻትም ይቺው ኩራት ናት።

ዝርዝሩ ውስጥ የቅጽል ስም አምድ ነበረ። በሶማሌ አገር ሰው የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ይዞ ይሄዳል፤ በአንድ ቀበሌ ሦስቱም የገጠሙላቸው ሰዎች ስለማይጠፉ ቁርጡን የሚለየው ቅጽል ስም ነው። እሱ ደግሞ ርኅራኄ አያውቅም! አንካሳውን አንካሳ ይለዋል፣ የተጠራውም ሳይቀየም «አቤት» ይላል። ናስትሆ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ይህ ነገር ያንገበግባታል። አባቷ ከንፈሩ ተሰንጥቆ ስለተወለደ አገር የሚያውቀው ዩኒስ ፋሩር ብሎ ነው፤ ፋሩር ማለት ከንፈረ ስንጥቅ። ትምህርት ቤት «የፋሩር ልጅ» እያሏት ስንቴ አልቅሳለች! ታዲያ ይህን ስድብ ለአዲስ አበባው ዋና ቢሮ ልትልክ? ሞቼ ነው ቆሜ አለችና አምዱን ከነጭራሹ ሰረዘችው። ከዚያ ፕሮግራሙን፣ ሦስቱ ስምና ቀበሌው ከገጠመ የመጀመሪያውን አስቀር፣ የቀረውን አጥፋ አለችው።

ረቡዕ ጠዋት 1,187 ሰው ወጣ። «አልሐምዱሊላህ!» ብላ ዘለለች። አቶ ወልደሩፋኤልም ጊዜ ሳያጠፉ ለአዲስ አበባ ደውለው ቁጥሩን ተናገሩ።

ሻይዋን ሳትጨርስ አባቷ ደወለ።

«ናስትሆ፣ ስሜ አለ?»

«አባዬ፣ ዝርዝሩ ገና አይነገርም።»

«አራት ፍየል ነው የቀረኝ። መኖ ካለኝ ልጠብቅ፤ ከሌለኝ ሳይሞቱብኝ ለቶጎጫሌ ነጋዴ ልስጣቸው። ነገ ይመጣል።»

ስልኩን ዘግታ ስሙን ዝርዝሩ ውስጥ ፈለገች። ዩኒስ ዐብዲ አሊ፣ አለ! እፎይ ልትል ስትል ዓይኗ ወደ ጎን ሸተት አለ። ዕድሜ ሠላሳ አራት፣ ላም ዘጠኝ። አባቷ ስልሳ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ላም የሚባል ነገር ከተለየው ሁለት ዓመት አልፎታል።

የጠፉትን 225 ረድፎች አወጣች፤ ይህን ማየት የነበረባት ከመዝለሏ በፊት ነበር። ከመጀመሪያው መዝገብ ጋር አንድ በአንድ አስተያየቻቸው። 162ቱ እውነትም ድግግሞሽ ናቸው። 63ቱ ግን ዕድሜያቸውም ቅጽል ስማቸውም የተለያየ፣ በሕይወት ያሉ ሰዎች ናቸው፤ በገዛ እጇ አጥፍታቸዋለች። አባቷም እዚያው መሀል ነበር።

አምዱን መለሰችው፣ ማመሳከሪያም አደረገችው፣ ሃያ ረድፍ በእጇ ፈተሸች። ውጤቱ 1,250፣ ከመጣው መኖ በሃምሳ የሚበልጥ።

ሐሙስ ጠዋት ቢሮውን በእርምጃ ስትለካው አረፈደች። ዝም ብትል ቁጥሩ ያምራል፣ ቦታዋ የሷ ናት። ብትናገር አለቃዋ ያፍራሉ፣ ደግሞ «አባቷን ልታስገባ ነው» መባል አለ። ፈራች፣ ከልቧ ፈራች። ነጋዴው እየመጣ ነው። አምስት ሰዓት ላይ ላፕቶፑን ታቅፋ አለቃዋ ዘንድ ገባች።

«ቁጥሩን እኮ ተናግሬያለሁ!» አሉ አቶ ወልደሩፋኤል ሰምተው ሲጨርሱ። «ደግሞስ እነዚህ ስልሳ ሦስት ሰዎች ዘመዶችሽ አለመሆናቸውን በምን አውቃለሁ?»

«አንዱ አባቴ ነው» አለች። «እሱን እርስዎ ራስዎ ያጣሩት። ሌሎቹን አላውቃቸውም። ጥፋቱ ግን የኔ ነው፤ የሰረዝኩት እኔ ነኝ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ ስልኩን አንስተው፣ እሷም እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አድርገው፣ ሐርተሼክ ላሉት ሽማግሌ ለሀጂ ዐብዲወሃብ ደወሉ።

«ሀጂ፣ ዩኒስ ዐብዲ አሊ የሚባል ሰው ያውቃሉ?»

«የትኛው?» አሉ ሀጂ።

አቶ ወልደሩፋኤል ወደ ናስትሆ ዞሩ። አባቷን የምትለየውን ያችን ቃል በሕይወቷ አንድ ቀን ከአፏ አውጥታት አታውቅም።

«ፋሩር!» አለች፣ ስልኩ ላይ ጎንበስ ብላ።

ሀጂ መልስ ከመስጠታቸው በፊት ከአጠገባቸው፣ ዝርዝሩን ሊጠይቅ የመጣ የሽማግሌ ድምፅ ተሰማ።

«አቤት!» አለ አባቷ።