ታይቷል፣ ደህና ነው

ሰባት የስኳር ሕመምተኞች ተሰብስበው ማኅበር ሲያቋቁሙ ሰባት ሊቀመንበር ይወለዳል። ይህን ያለችው ልብስ ሰፊዋ ናት። ያለችው ግን ምርጫው ካለፈና ጠቡ ከተነሣ በኋላ ስለሆነ ትንቢት አይባልላትም።

የማኅበሩ ሐሳብ የተፀነሰው በክሊኒኩ አግዳሚ ወንበር ላይ ነበር። በወር አንድ ቀን፣ ቁርስ ሳይቀምሱ፣ ደም ለመስጠት ተራ የሚጠብቁ ሰዎች መተዋወቃቸው አይቀርም። አንዱ የስኳሩን መጠን ሲናገር ሌላው "እኔስ ከማን አንሼ" ብሎ የራሱን ያስበልጣል። ሁሉም ጣፋጭ ተከልክለዋል፤ የሁሉም ኪስ ግን በከረሜላ የተሞላ ነው። የአንዱ ስኳር ድንገት ወርዶ ላብ ላብ ካለው፣ አምስት እጅ ባንድ ጊዜ ከረሜላ ይዘረጋለታል። እንዲህ እየተጎራረሱ ተላመዱ።

ይህን ወዳጅነት በወረቀት ካላሰፈርኩ ያለው ጡረታ የወጣው የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት የሰው ክስ ሲገለብጥ የኖረ ሰው፣ ፊርማ የሌለበት ነገር ሁሉ ወሬ ይመስለዋል። ለሰባት ሰው ማኅበር አርባ ሁለት አንቀጽ ያለው መተዳደሪያ ደንብ ጽፎ መጣ።

"ራስ ሳይጠና ጉተና!" አለው ጓደኛው ሾፌሩ፣ ሠላሳ ዓመት የከተማ አውቶቡስ የነዳው። ከዚያች ቀን ጀምሮም "አንቀጽ" የሚል ስም አወጣለት። ስሙ እዚያው ተጣብቆ ቀረ። አንቀጽ ሲጠሩት ይቆጣል፤ ሳይጠሩት ሲቀሩ ደግሞ ቅር ይለዋል።

ከአርባ ሁለቱ አርባ አንዱ ተቀደው ቢጣሉ ማንንም አይጎዱም ነበር። አሥራ ዘጠነኛው ግን የምር ነው። ስኳር የእግርን ስሜት ይበላል፤ ሰው ምስማር ረግጦ ሳያውቅ ውሎ ያድራል። የራሱን ውስጥ እግር እንዳያይ ደግሞ አንዱን ቦርጩ፣ ሌላውን ወገቡ ይከለክለዋል። ስለዚህ አባላቱ ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት አንዱ የሌላውን እግር ያያል፤ ካየ በኋላም በቅጹ ላይ "ታይቷል፣ ደህና ነው" በሚለው ፊት ለፊት ይፈርማል። ሰባተኛዋ ልብስ ሰፊዋ፣ ጎንበስ ብላ የራሷን ማየት ስለምትችል፣ ያለ ጥንድ ቀረች። አንቀጽ ይህን የጻፈው ለሕዝብ ተጨንቆ ብቻ አይደለም። ታላቅ ወንድሙ በዚሁ በሽታ መጀመሪያ ጣቱን፣ ቀጥሎ እግሩን ከቁርጭምጭሚቱ፣ በመጨረሻም ከጉልበቱ ላይ ተቆርጧል። ሁሉም የጀመረው ማንም ካላየው አንድ ትንሽ ቁስል ነበር። አንቀጽ ሞትን እምብዛም አይፈራም፤ ለእግሩ ግን ይሳሳል።

ጥንዱ ሾፌሩ ነበር። ሌላ ማን ሊሆን ይችላል? ዘጠኝ ዓመት በዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

ስብሰባው የሚደረገው በልብስ ሰፊዋ የሥራ ክፍል ነው። ክፍሉ ሰፊ ነው፣ ብርሃን አለው፣ ኪራይ አይጠየቅበትም። እግራቸው የደነዘዘ ሰባት ሰዎች ጫማቸውን አውልቀው፣ በካልሲ እየተንቀሳቀሱ እግራቸውን የሚጠብቁት፣ ሳምንቱን ሙሉ መርፌና ስፒል ሲረግፍበት በሚውል ወለል ላይ መሆኑን ግን አንድም ሰው ልብ አላለም። አርባ ሁለቱ አንቀጾች ስለ ወለል ምንም አይሉም።

ምርጫው ሲደርስ አንቀጽ ሊቀመንበር እንደሚሆን ጥርጥር አልነበረውም፤ ደንቡን የጻፈው ማን ሆነና! ድምፁ ሲቆጠር ሾፌሩ አራት፣ እሱ ሦስት ሆነ። ይህንንስ ዋጥ አድርጎ "እንኳን ደስ ያለህ" ሊል ተነሥቶ ነበር። ሾፌሩ ግን ቀደመው።

"እንግዲህ ሊቀመንበር ነኝ" አለ በሰው ሁሉ ፊት። "ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ ሰውዬ እግር ስር አልንበረከክም። ሌላ ፈልግ።"

ሳቅ የጀመሩ ነበሩ፤ የአንቀጽን ፊት ሲያዩ መለስ አደረጉት። አንቀጽ ደሙ ፈላ። ጫማውን አጥልቆ ወጣ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለቱ ጀርባ ለጀርባ ተቀመጡ፤ ጫማ ወለቀ፣ እግር ግን አልታየ። ቅጹ ሲዞር ግን ሁለቱም ፈረሙ። ታይቷል፣ ደህና ነው።

"ጋሼ፣ እኔ ልይልዎት" አለችው ልብስ ሰፊዋ በሦስተኛው ሳምንት፣ ወደ ጎን ጠርታው።

"አይሆንም። አንቀጽ ሃያ ጥንድ አይቀየርም ይላል።"

"አንቀጽ ሃያን የጻፉት እርስዎ አይደሉም እንዴ?"

"ለዚህ ነዋ ማፍረስ የማልችለው።"

"ስኳር የታመመው እግርዎ ነው ወይስ ደንቡ?" አለችና ወደ ማሽኗ ተመለሰች። ከልጅነቷ ጀምሮ ራሷን መርፌ እየወጋች ያደገች ሴት ናት፤ የሽማግሌ ኩርፊያ ብዙም አያስደነግጣትም።

አንቀጽ ቤቱ ገብቶ በገዛ ዘዴው ሞከረ። ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች፤ ልጁ ሌላ ከተማ ሆና በስልክ ነው የምትጠይቀው፣ በስልክ ደግሞ እግር አይታይም፤ ቢታይም ለልጁ ማሳየት ያፍራል። የመላጫ መስታወቱን ወለል ላይ አስቀምጦ እግሩን አነሣ። መጀመሪያ ያየው አምፖሉን ነው፤ ቀጥሎ ጣሪያውን። ወገቡ እየጮኸ ጎንበስ ሲል የራሱን አገጭ አየ። እግሩን ፈልጎ ፊቱን አገኘ፤ ፊቱም አላማረውም። መስታወቱን ወደ ቦታው መለሰ። ያን ጊዜ ፈራ፤ ፍርሃቱን ግን ኩራት ነው ብሎ ተኛ።

በስድስተኛው ቅዳሜ ያልጠበቀው ሲሳይ እጁ ገባ። ቅጹን ሲያይ የሾፌሩ ፊርማ በቦታው የለም። ዝቅ ብሎ፣ በልብስ ሰፊዋ ስም ላይ ተጋድሞ አገኘው። የሌላ አባል መዝገብ ላይ መፈረም! አንቀጽ እንደዚያ ደስ ካለው ዓመት ሆኖታል። ራሱም ያላየውን እግር "ታይቷል" ብሎ ስድስት ጊዜ መፈረሙ ትዝ አላለውም። ሁለት ገጽ ክስ አዘጋጅቶ፣ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሾፌሩ ቤት ሄደ።

ሾፌሩ በሩን ከፈተ። "ማነው?" አለ፣ አንቀጽ አፍንጫው ስር ቆሞ እያለ።

አንቀጽ ይህን ንቀት ነው ብሎ መዘገበው። "ጭራሽ አታውቀኝም?"

ሾፌሩ አንገቱን ዘንበል አደረገ። "አሁን አወቅሁህ። ምን ፈለግህ?"

"ክስ ይዤ መጥቻለሁ።"

"ግባ እንግዲህ። ክስ ደጃፍ ላይ አይነበብም።"

ክፍሉ ውስጥ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና ሬዲዮ ነበር። ሾፌሩ ወረቀቱን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ዞረ። ጉሮሮውን ጠረገ፤ ረጅም ጊዜ ተመለከተው፤ ራሱን ነቀነቀ፤ ገጹን ገለጠ።

"አንብቤዋለሁ" አለ በመጨረሻ። "አልቀበለውም። በጣም የተጋነነ ነው።"

ወረቀቱን የያዘው ዘቅዝቆ ነበር።

አንቀጽ መጀመሪያ የመሰለው ስድብ ነው፤ ፍርድ ቤት ቢሆን የሚያስቀጣ። ሊናገር አፉን ከፈተ። ሾፌሩ ወረቀቱን ለማስቀመጥ በጣቱ የጠረጴዛውን ጠርዝ ሲፈልግ፣ ሳያገኘው ሲቀር፣ ወረቀቱም መሬት ሲወድቅ አየ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለ።

"ምኑ?"

"ዓይንህ።"

ሾፌሩ ወንበሩን ዳስሶ ተቀመጠ። "ቀኙ ካለፈው ዓመት። ግራው ከምርጫው ወር በፊት። በፊት ጭጋግ ነበር የሚጋርደኝ፤ አሁን ከጭጋጉ በቀር የማየው የለም።"

"ለምንድነው ያልነገርከኝ?"

"ምን ብዬ? ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከተማው ይህን ዓይን አምኖ ተሳፍሯል። ከዚያ ደግሞ አንተ እግርህን አምነህ ሰጠኸኝ። ሁለት ቅዳሜ ምንም ሳይታየኝ 'ደህና ነው' ብዬ ፈረምኩልህ። እንቅልፍ አጣሁ። እውነቱን መናገር አፈርኩ። ቢያኮርፍ ሌላ ሰው ያይለታል ብዬ ነው በሰው ፊት ያዋረድኩህ።" ጭኑን በእጁ መታ። "አንተ ግን አንቀጽ ሃያ አልክ! ለመሆኑ ማን አየልህ እስካሁን?"

"ማንም።"

"ስድስት ሳምንት?"

"ስምንት ሆነዋ። የአንተንም ሁለት ቅዳሜ ብንጨምር።"

ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም ነበር፤ ሾፌሩ ግን ግንባሩን ቋጠረ።

"ጫማህን አውልቅ።"

"ምን ልታይ?"

"ጣት አለኝ። አውልቅ አልኩህ!"

በምርጫው ቀን አልንበረከክም ያለው ሰው ወለሉ ላይ ተንበረከከ። የግራውን እግር ተቀብሎ በአውራ ጣቱ ከተረከዝ ጀምሮ ቀስ እያለ፣ በየጣቶቹ መሀል ሳይቀር ዳሰሰው። ሌላውን ተቀበለ። ካልሲውን ሲያወልቀው እጁ ቆም አለ።

"ካልሲህ እርጥብ ነው።"

"ላብ ይሆናላ።"

"ላብ እንዲህ አይሸትም።" ጣቱ ወደ ላይ ሄዶ ከትልቁ ጣት ስር ቆመ። "እዚህ ጋ ይፋጃል። አብጧልም። ያምሃል?"

"ምንም አልተሰማኝ።"

"እሱ ነው የሚያስፈራኝ።" እንደገና ዳሰሰ፣ በጣም ቀስ ብሎ። "ብረት አለው፣ የስፒል አናት ነው። ጠልቆ ገብቷል።"

አንቀጽ የልብስ ሰፊዋ ወለል ታየው፤ ሰባት ሰው በካልሲ ሲመላለስበት፣ ራሱ ቅጽ ይዞ መሀል ቆሞ። ቀጥሎ የታየው የወንድሙ አልጋ ነው፤ ብርድ ልብሱ ከጉልበት በታች ልሙጥ ሆኖ።

"ወንድሜም እንዲህ ነበር የጀመረው" አለ።

"እሱን አሁን አታንሣብኝ። ተነሥ፣ ክንዴን ያዝ።"

ክሊኒኩ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። አንቀጽ በተረከዙ እያነከሰ ሾፌሩ ላይ ተደገፈ፤ ሾፌሩ ደግሞ አንቀጽ "ደረጃ"፣ "ጉድጓድ"፣ "መኪና፣ ቁም!" ባለው ቁጥር ይታዘዛል።

"እኔን ተሳፋሪ ቁም ብሎኝ አያውቅም ነበር" አለ ሾፌሩ መሀል መንገድ ላይ። "በፌርማታ ካልሆነ።"

"አሁን ዝም ብለህ ሂድ።"

የክሊኒኩ ሲስተር የአንቀጽን እግር አይታ ጓንቷን አጠለቀች። ስፒሉን አውጥታ፣ መግሉን አጥባ፣ በፋሻ ከጠቀለለች በኋላ ነው ቀና ያለችው።

"ጋሼ፣ አልዋሽዎትም፤ ለጣቱ አልምልልዎትም። በየቀኑ እየመጡ ይታጠባል፣ መድኃኒቱንም ሳያቋርጡ ይወስዳሉ። ጥቂት ቀን ቢቆይ ኖሮ ግን ስለ ጣት ሳይሆን ስለ እግር ነበር የምናወራው። እግሩ ይተርፋል።" ስፒሉን በሳህኑ ላይ ወደ መብራቱ አስጠግታ አየችው። "ይህን የምታክል ነገር ማን አየልዎት?"

አንቀጽ በሥራ ዘመኑ ስንቱን ምስክር በሐሰት እንዳይመሰክር አስምሏል። "እሱ ነው" አለ ቶሎ ብሎ። "ዓይኑ እንደ ጭልፊት ነው።"

"ውሸቱን ነው" አለ ሾፌሩ። "አላየሁትም። ሲስተር፣ እኔ አላይም።"

ሲስተር ጓንቷን አወለቀች። ወንበሯን ስባ ከሾፌሩ ፊት ለፊት ተቀመጠችና አንዱን ዓይኑን በእጁ እንዲሸፍን ነገረችው። ከዚያ ጣቶቿን ወደ ላይ አነሣች።

"ስንት ነው?"

ሦስት ነበር። ሾፌሩ አንገቱን አስግጎ ጠበቀ። ነጻ እጁ ወደ ጎን መጥቶ የአንቀጽን ክንድ ያዘና፣ ፈተና ላይ እንደተቀመጠ ተማሪ ሁለቴ ጫን አደረገው። መልሱ አንቀጽ ምላስ ላይ ነበረ። ሦስት ጊዜ ትከሻውን መታ ቢያደርግለት፣ ጓደኛው ለአንድ ቀን እንኳ የሚያይ ሰው ሆኖ ይወጣ ነበር። አንቀጽ ከንፈሩን ነክሶ ዝም አለ፤ ዝም እያለም እንባው ወረደ።

"ሁለት?" አለ ሾፌሩ።

ሲስተር እጇን አወረደች፤ ብዕሯን አንሥታ ለዓይን ሐኪሙ የሚሄደውን ወረቀት መጻፍ ጀመረች። ሾፌሩ የብዕሩን ድምፅ እየሰማ የአንቀጽን ክንድ እንደያዘ ነው።

"ተሳሳትኩ አይደል?" አለ በሹክሹክታ።

"ተሳስተሃል" አለው አንቀጽ።