ሃያ ዘጠኝ ጫማ

ዉቦ የብስኩቱን ቆርቆሮ ከፈተ፤ ለአራቱም ሯጮች አንዳንድ አደለና ክዳኑን መልሶ ገጠመ። ያ የክዳን ድምፅ የስብሰባ መጀመሪያ እንደ ሆነ ቺትስኬ ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ ታውቀዋለች፤ ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉም ጥርሷን አስነክሷታል።

አሠልጣኙ ደግ ሰው ነበር፤ እርሷን የሚያሳርራትም ይኸው ደግነቱ ነው። ማንንም ማስከፋት አይሆንለትም። ስለ ምሳ ሰዓት እንኳ ሐሳብ ቢለያይ ደብተሩን አውጥቶ የእያንዳንዷን ቃል ይጽፋል፤ ከዚያም ሁሉም ጥቂት የሚጎዳበትን፣ ማንም ግን አኩርፎ የማይወጣበትን መካከለኛ ነገር እስኪያገኝ ድረስ እርሳሱን ያኝካል። ምድሩ ከባሕሩ ዝቅ ባለበት በዚያ አገር፣ ሰው ለብዙ ዘመን በሕይወት የቆየው ከጎረቤቱ ጋር ተቀምጦ በመስማማት ነውና፣ ይህ ጠባይ በዉቦ ብቻ የተገኘ አልነበረም። ቢሆንም ቺትስኬን አንጀቷ ድረስ ያሳርራት ነበር።

በዚያ ረቡዕ ለስብሰባው የቀረበው ጉዳይ የአንድ ቁራጭ ፕላስተር ቦታ ነበር። በአራት ጊዜ መቶ ሜትር የዱላ ቅብብል ሦስተኛዋ ሯጭ በመሟ ላይ ጎንበስ ብላ ሁለተኛዋን ትጠብቃለች፤ ከኋላዋም አንድ ቁራጭ ፕላስተር ተለጥፎ ይቆያል። የመጪዋ እግር ያንን ምልክት ሲያልፍ ተቀባይዋ ትፈተለካለች፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ኋላ ማየት የለም። «እንኪ!» የሚል ጩኸት ስትሰማ እጇን ወደ ኋላ ትዘረጋለች፤ ዱላውም እዚያ መገኘት አለበት። የምልክቱ ርቀት የሚለካው በተቀባይዋ እግር ነው፤ ተረከዟን ከጣቷ እያስነካች፣ ጫማ በጫማ እየቈጠረች ትሄዳለች፤ ቍጥሩ በበዛ መጠን ቀድማ ትነሣለች ማለት ነው።

«እሺ ራይዛ፣ አንቺ ጀምሪ» አለ ዉቦ።

«ሃያ ስምንት» አለች ራይዛ። ሁለተኛዋ ሯጭ እርሷ ነበረች፤ ቤተሰቦቿ ከኩራሳዎ የመጡ፣ የሃያ ሁለት ዓመት የሮተርዳም ልጅ። «በልምምድ ሁልጊዜ ጀርባዋ ላይ ነው የምወጣው። እየቆየችብኝ ነው።»

«እኔ ነኝ የምቆየው?» አለች ቺትስኬ። «ወይስ አንቺ ነሽ ገመድ እንደ በጠሰ ጥጃ እየዘለልሽ የምትመጪው?»

«ቀስ በዪ ካልሽኝ ቀስ እላለሁ፣ እሜቴ። ፖላንዶቹን ግን ያኔ አንቺ ታባርሪያቸዋለሽ።»

አራተኛዋ ሯጭ ዴሲሬ ሻይዋን እየጠጣች ሳቀች።

«ሃያ አራት» አለች ቺትስኬ ለዉቦ። «ከመጣሁ ጀምሮ ሃያ አራት ነው። የገዛ እግሬን ልታስተምረኝ ነው እንዴ ይቺ?»

ዉቦ ሁለቱንም ቍጥሮች ጻፈ፤ እርሳሱን አኘከ፤ ፊቱም በራ። «ሃያ ስድስት ብንልስ? ሁለታችሁም ትንሽ ትንሽ ብትለቁ?»

የመጀመሪያዋ ሯጭ ሊዮኒ ተስማማች፤ ዴሲሬ ተስማማች፤ ራይዛ ትከሻዋን ነቀነቀች። ቺትስኬም፣ ሃያ አራቴን ሙሉ በሙሉ አልተቀማሁም ብላ ተቀበለች። ሃያ ስድስት ተብሎ ተጻፈ።

ቺትስኬ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር። በፍሪስላንድ አውራጃ በምትገኝ መንደር፣ በባሕር መከላከያው ግድብ አናት ላይ ነፋስን እየገፋች ሩጫ የጀመረች፣ በሃያ ዓመቷ ለብሔራዊ ቡድን የተመረጠች ሴት ናት። ብቻዋን በሮጠችባቸው መቶ ሜትሮች ከግማሽ ፍጻሜ አልፋ አታውቅም፤ ኩርባውን ግን እንደ እርሷ የሚታጠፍ አልነበረምና ሦስተኛው ቦታ ርስቷ ሆነ። አራት ታላላቅ የፍጻሜ ውድድሮችን ሮጣለች። በመጀመሪያው ዱላው ወደቀ፤ በሁለተኛው ቅብብሉ ከተፈቀደው ክልል ውጭ ተደረገና ተሰረዙ፤ በሦስተኛው የመጨረሻዋ ሯጭ ጭኗን ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች። በአራተኛው ምንም ሳይበላሽ አምስተኛ ወጡ፤ ከሁሉ ይልቅ ያንገበገባትም ይኸው ነው፤ የሚረገም ሰው አልተገኘምና። ከእያንዳንዱም በኋላ የብስኩቱ ቆርቆሮ ተከፍቶ ተዘግቷል። አሁን የአውሮፓ ሻምፒዮና በገዛ አገሯ፣ በሄንገሎ ሊደረግ ነው። ከዚህ በኋላ ሌላ እንደማይኖራት ለማንም ሳትናገር ለራሷ ቈርጣለች፤ ከሜዳሊያ ጋር ሳትገናኝ ጫማዋን መስቀል ግን አልፈለገችም።

ቅዳሜ ጠዋት በማጣሪያው የሆነው ይህ ነው። ራይዛ ፕላስተሩን አለፈች፤ ቺትስኬ ተፈተለከች፤ ገና አምስት እርምጃ ሳትሄድ የራይዛ የጫማ ሹል ተረከዟን ቧጨረው። «ሂጂ! ሂጂ እንጂ!» የሚል ጩኸት ጆሮዋ ሥር ሰማች። ራይዛ ላለመጋጨት ፍጥነቷን ሰበረች፤ ዱላው በሁለቱ እጆች መካከል እንደ ትኩስ ድንች ዘለለና በመጨረሻ በቺትስኬ ጣቶች ውስጥ ገባ። ወደ ፍጻሜው ካለፉት ስምንት ቡድኖች ስምንተኛ ሆኑ።

ከቀትር በኋላ ቆርቆሮው ተከፈተ፤ ተዘጋ።

«ማንንም ጥፋተኛ ሳናደርግ እንነጋገር» አለ ዉቦ።

«አድርግ እንጂ!» አለች ራይዛ። «ሃያ ስምንት ብያለሁ። ሃያ ስምንትም ያንሳል።»

«አንቺ መቼ ነው የሚበቃሽ? ከሆቴሉ በር ልነሣ?» ቺትስኬ የታሰረ ተረከዟን ወንበር ላይ ሰቅላለች። «ሃያ አራት ቢሆን ኖሮ እኮ...»

«ሃያ አራት ቢሆን ኖሮ ታዝዪኝ ነበር!»

ዉቦ እርሳሱን አነሣ። ቺትስኬ የሚመጣውን ከመምጣቱ በፊት ዐወቀችው፤ ከሩቅ እንደሚታይ ዝናም ነበር።

«እንግዲህ አሁን በሃያ ስድስትና በሃያ ስምንት መካከል ነን» አለ። «ሃያ ሰባት...»

«ወይ ፈጣሪ!» ብድግ አለች። «ርቀት እኮ ነው ዉቦ! በልመና አያጥርም፣ በምልጃ አይረዝምም! ነገ ደግሞ ፖላንዶቹንና እንግሊዞቹን ጥራና ማን በስንት ሴኮንድ እንደሚገባ በድምፅ እንወስን! ብስኩትም ስጣቸው!»

«ሐሳብሽን መዝግቤዋለሁ» አለ ዉቦ፣ ከልቡ፤ ከሥሩም ሃያ ሰባት ብሎ ጻፈ።

በሩን ስትወጣ በኀይል ልትዘጋው ፈለገች፤ በሩ ግን በራሱ ቀስ ብሎ የሚዘጋ ዐይነት ነበር።

ከምሽቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ገና ፀሐይ ሳለ፣ ለአባቷ ለሲብረን ደወለች። ሽማግሌው ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የግድቡን ከፍታ በየዓመቱ የሚለኩ፣ ግድቦችን የሚያስተዳድረው የውኃ ሸንጎ ሠራተኛ ነበሩ። እንደሚደግፉኝ አውቃለሁ ብላ ነበር የደወለችው።

«ቆዪ ልጄ፣ ከማዕድ አልተነሣንም» አሉ። በዚያ ቤት ሳሕን ባዶ ሲሆን መጽሐፍ ቅዱስ ይከፈታል፤ ምዕራፉ ሳያልቅም የሚነሣ የለም። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ምዕራፉ የትውልድ ቈጠራ ነበር። እገሌ እገሌን ወለደ፣ እገሌም እገሌን ወለደ፤ ሽማግሌው አንዱንም ሳይዘሉ፣ ስሙ ሲከብዳቸው ወደ ኋላ ተመልሰው እያቃኑ አነበቡ። ቺትስኬ የስልኩን ጀርባ በጣቷ እየደበደበች፣ በልጅነቷ ታደርገው እንደ ነበረው የቀሩትን አባቶች ቈጠረች። ምዕራፉ ሲያልቅ እናቷ ሳሕን ሲያነሡ ተሰማ።

«አሜን። በይ አሁን፤ በቴሌቪዥን አይተንሻል። ተረከዝሽስ?»

ሁሉን ነገረቻቸው፤ ስለ ሃያ ስድስቱ፣ ስለ ሃያ ሰባቱ፣ ስለ ብስኩቱ። ሽማግሌው በብስኩቱ ሳቁ።

«እርስዎስ በሸንጎው ዐርባ ዓመት ተሰብስበው የለ? እንዴት ቻሉት?»

«ስብሰባውን እወደው ነበር» አሉ። «ማን ይቈፍራል፣ ማን ይከፍላል፣ የማን ላም ከግድቡ ትውረድ፤ ይህን ሁሉ በስምምነት ጨርሰናል። የግድቡን ከፍታ ግን ማንንም ጠይቀን አናውቅም። እርሱን ውኃው ነው የሚናገረው።»

«እኮ! እኔም ያልሁት ይህን ነው! ሃያ አራት ማለት ሃያ አራት ነው!»

«ሃያ አራትን መቼ ነው የለካሽው?»

«እንዴ፣ እኔ... መጀመሪያ ስመጣ። በሃያ ዓመቴ።»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ ግድብ በየዓመቱ ጥቂት ይሰጥማል። ከሥሩ ያለው መሬት ለስላሳ ነው። በግድቡ አይፈረድበትም፤ ኀጢአትም የለበትም። ኀጢአቱ የለኪው ነው፣ ግድቡን እንዳላሳፍር ብሎ የአምናውን ቍጥር ከገለበጠ።»

ቺትስኬ የታሰረ ተረከዟን ዳሰሰች።

«ያቺ ልጅ ከኋላሽ ስትመጣ ምን ታያለች?»

«ጀርባዬን፤ ሌላ ምን ታያለች?»

«አንቺስ የገዛ ጀርባሽን አይተሽው ታውቂያለሽ?»

«አባባ፣ እርስዎ ደግሞ ከእነርሱ ጋር አበሩ» አለች። ተናደደች፤ ስንብቷንም አሳጠረች። በንዴቷም መካከል አንድ ነገር እንደ አሸዋ ጫማዋ ውስጥ ገባና እስኪነጋ ሲቈረቍራት ቆየ፦ ራይዛ ፈጥና መምጣቷ ብቻ አልነበረም፤ እርሷም እንደ ቀድሞው ፈጥና አትነሣም። ፈጥና የምትነሣ ቢሆን ኖሮ ሃያ አራቱ ይበቃ ነበር። እያንዳንዱ የተጨመረ ጫማ ዕድሜዋን በሰው ፊት የሚያነብ ነበርና፣ ስለዚህ ነበር ቍጥሩን እንደ ክብሯ ይዛ ስትሟገት የከረመችው። ዉቦን ስለ ስብሰባው ስትነቅፈው ኖራ፣ እርሷም እውነቱን ላለመለካት በዚያው ስብሰባ ተሸሽጋ ነበር።

እሑድ ማለዳ፣ ራይዛ የቸኮላታ ፍርፋሪ የተነሰነሰበት ዳቦዋን እየበላች ሳለ ቺትስኬ ከፊቷ ቆመች።

«ተነሺ። ወደ ማሟሟቂያው ሜዳ።»

«ዳቦዬን ልጨርስ?»

«ይዘሽው ነዪ።»

በባዶው ሜዳ ላይ ሦስት ጊዜ ሞከሩ። በሃያ አራት ራይዛ ላለመጋጨት መሀል መንገድ ላይ ቆመችና እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። በሃያ ስምንት ዱላው ደረሰ፤ ግን ራይዛ የመጨረሻዎቹን ሁለት እርምጃዎች አሳጠረች።

«እውነቱን ንገሪኝ» አለች ቺትስኬ እያለከለከች። «እንዳታዝኚልኝ።»

«መቼ አዝኜልሽ ዐውቃለሁ?» አለች ራይዛ። ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሃያ ዘጠኝ። አንዴ ከተነሣሽ በኋላ ግን ኩርባው ላይ የሚደርስብሽ የለም። እኔም አልደርስብሽም። አነሣሥሽ ብቻ ነው።»

በሃያ ዘጠኝ ዱላው ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ አንዳቸውም አልተሰማቸውም።

ከቀትር በኋላ መቀመጫው ሁሉ የአገሩን ቡድን ቀለም፣ ብርቱካንማ፣ ለብሶ ነበር። ቺትስኬ በመሟ ላይ ተረከዟን ከጣቷ እያስነካች ቈጠረች። ሃያ ሰባት ላይ ስትደርስ ዉቦ ከአጥሩ ወዲያ ሆኖ በእጁ «በቃ» አላት። ሃያ ስምንት። ሃያ ዘጠኝ። ፕላስተሩን ለጠፈችና በጫማዋ ረገጠችው።

«ቺትስኬ! ሃያ ሰባት ተስማምተን!»

«ሁላችንም ተስማምተን ተሳሳትን!» ብላ መለሰች፤ ሲናገር ላለመስማትም ጀርባዋን ሰጠችው።

ተኩሱ ተሰማ። ሊዮኒ ለራይዛ አቀበለች። ራይዛ በቀጥታው መም ላይ እንደዚያ ገመድ እንደ በጠሰ ጥጃ መጣች፤ የፕላስተሩ ነጭ ከእግሯ ሥር ጠፋ፤ ቺትስኬ ተነሣች። አምስት እርምጃ። ጩኸት የለም። ስምንት እርምጃ፤ አሁንም የለም። ጥያት ሄድሁ፣ ከክልሉ ልወጣ ነው፣ ሃያ አራቴን በገዛ እጄ ጣልሁ ብላ አሰበች፤ ዘወር ብላ ለማየትም ቃጣት። አልዞረችም።

«እንኪ!»

እጇን ዘረጋች፤ ዱላው መዳፏ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ የነበረው ኩርባው ብቻ ነው፤ ኩርባውን ደግሞ ዛሬም የሚያውቀው እርሷ ናት። ለዴሲሬ ስታቀብል ስንተኛ እንደ ሆኑ አላየችም። ሰሌዳው ላይ ስማቸው እስኪወጣ ድረስ መሬት ላይ ተቀምጣ ተረከዟን ይዛ ነበር። ሦስተኛ። ከአራተኛዎቹ በሁለት መቶኛ ሴኮንድ።

ራይዛ መጥታ ላይዋ ላይ ወደቀች። «ጀርባሽ እያደር ውብ ሆኗል፣ እሜቴ!»

«ውረጂልኝ፤ ሙቀትሽ ነው የሚገድለኝ» አለች ቺትስኬ፤ ግን አልገፋቻትም።

ሜዳሊያቸውን አንገታቸው ላይ እንዳደረጉ ዉቦ ጠባቧ ክፍል ውስጥ ሰበሰባቸው። ዐይኑ ቀልቷል። ቆርቆሮውን ከፈተ፣ አንዳንድ አደለ፣ ክዳኑን ገጠመ፤ ቺትስኬም ከልማዷ ጥርሷን ነከሰች።

«ለመዝገቡ ያህል» አለ ደብተሩን ገልጦ። «የተስማማንበት ሃያ ሰባት ነው፤ የተሮጠው ሃያ ዘጠኝ። ሃያ ስምንት ብዬ ብጽፈው ቅር የሚለው ሰው አለ?»

ራይዛ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ቺትስኬ የተኘከውን እርሳስ ከዉቦ ጣቶች መካከል ቀስ አድርጋ ወሰደችና በገዛ እጇ «ሃያ ዘጠኝ» ብላ ጻፈች፤ ከሥሩም፣ «የቺትስኬ እግር፤ የዘንድሮ። ለከርሞ የምትቆመዋ የራሷን ትለካ» ስትል ጨመረችበት።

ዉቦ አነበበው። ምንም ሳያርም ደብተሩን ዘጋ።

ቺትስኬ ቆርቆሮውን ወደ ራሷ ሳበች፤ ክዳኑን አንሥታ ሁለተኛ ብስኩት ወሰደች፤ ለራይዛም አቀበለቻት። ክዳኑን መልሳ አልገጠመችውም።