የታሽቲትና የሳፓክ እርቅ

በሮቫ ዛይን ሰፈር አያ ማሐሪ ያላስታረቁት ባልና ሚስት የለም ይባላል። ያልተጣሉትንም ሳያስታርቁ አልቀሩም። ከወደቡ ሥራ በጡረታ ከወጡ ወዲህማ ሽምግልናው ዋና ሥራቸው ሆኗል። የገዛ ቤታቸው ጠብ ግን አልፈታ አላቸው፤ የኢንተርኔቱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መስመሩን የሚዘረጋው ኩባንያ፣ በዕብራይስጥ ታሽቲት የሚሉት፣ አንድ ነው። በዚያ መስመር ኢንተርኔቱን የሚልከው፣ ሳፓክ የሚሉት፣ ደግሞ ሌላ። ሲበላሽ ታሽቲቱ ዘንድ ቢደውሉ «ችግሩ ከሳፓኩ ነው» ይላል። ሳፓኩ ዘንድ ቢደውሉ «ከታሽቲቱ ነው» ይላል። አያ ማሐሪ በሁለቱ መካከል ሲመላለሱ ጆሯቸው ከስልኩ ጋር ሊጣበቅ ምንም አልቀረው።

ባር የምትባለው የልጅ ልጃቸው ውትድርናዋን ጨርሳ ፔሩ በሚባል አገር ከተራራ ተራራ ትዞራለች። አያቷን በኮምፒውተር የምታነጋግረው አርብ አርብ፣ ሰንበት ከመግባቱ በፊት ነው። ያለፈው አርብ ምስሏ አፏን እንደ ከፈተች ደርቆ ቀረ። ወይዘሮ ትሁን ሳምንቱን ሙሉ «ልጄ ምን ልትለኝ ነበር?» ሲሉ ሰነበቱ። በመጨረሻም ለባላቸው ቁርጡን ነገሯቸው።

«አንተ የሰው ትዳር ስታቀና እኔ ልጄን ሳላይ ልቀር ነው? እስከ አርብ ካልተሠራ ሐረጓ ቤት ሄጄ አነጋግራታለሁ።»

ሐረጓ ጎረቤታቸው ናት፤ የሰማችውን ለማሰማት ኢንተርኔት አያስፈልጋትም። አያ ማሐሪ ሌሊቱን ሲገላበጡ አደሩና ስህተታቸው ተገለጠላቸው። ተጣይን ለየብቻ እያነጋገሩ የት አገር ነው ሽምግልና ያለው? ለሁለቱም ደውለው ለአርብ ጠዋት ባለሙያ እንዲልኩ ቀጠሩ። አንዱ ስለሌላው መምጣት አልተነገረውም።

ከታሽቲቱ አሸር፣ ከሳፓኩ ናፍታሊ መጡ። በር ላይ ሲገናኙ አንዲት ልጅ ሊጠይቁ የመጡ ሁለት ተቀናቃኞች መሰሉ። አያ ማሐሪ ፊት ለፊት አስቀመጧቸው። ጠረጴዛው ላይ የወይዘሮ ትሁን ትኩስ ዳቦ በፎጣ ተሸፍኗል።

«አዶኒ፣ ሞደሙ የት ነው?» አለ አሸር፤ በዕብራይስጥ «ጌታዬ» ማለቱ ነው።

«ሞደሙ ይደርሳል። መጀመሪያ ተናገር።»

«የኛ መስመር እስከ ቤትዎ ድረስ ደኅና ነው።»

ናፍታሊ ሊመልስ ሲል አያ ማሐሪ እጃቸውን አነሱ። «ተራህ ሲደርስ።»

የናፍታሊ ወላጆች ከጎንደር የመጡ ናቸውና ምን ውስጥ እንደ ገባ ያኔ ተረዳ። በአማርኛ «አባባ፣ ሽምግልና ነው እንዴ?» አለ።

«ሌላ ምን መሰለህ? በል፣ አሁን ተራህ ነው።»

«የኛም ደኅና ነው።»

«እንግዲያው ሁለታችሁም ጻድቃን ናችሁ፤ ጥፋተኛዋ ፔሩ ያለችው የልጅ ልጄ ናት። አሁን እያንዳንዳችሁ የራሳችሁን ቤት አንድ ጉድለት ንገሩኝ። የሌላውን አልጠየቅሁም። ዳቦው ከዚያ በኋላ ነው።»

የትኩሱ ዳቦ ሽታ ቤቱን ሞላው።

«ደረጃው ሥር ያለው ሳጥን ውስጥ ሽቦው ሳያረጅ አልቀረም» አለ አሸር ጭንቅላቱን እያከከ።

«እኛም ፍጥነቱን ስንጨምርላቸው ሞደሙን አልቀየርንም» አለ ናፍታሊ።

አሸር ወደ ታች ወረደ፣ ናፍታሊ ከመኪናው አዲስ ሞደም አመጣ። «አሁንስ?» «ቆይ ትንሽ» እየተባባሉ ከላይና ከታች ሲጣሩ ሕንፃው በሙሉ ሰማ። ከዚያ ዳቦው ተቆረሰ።

ሲሰነባበቱ አሸር ወደ ኋላ ቀረት ብሎ «አዶኒ፣ አሁን መስመሩንም ኢንተርኔቱንም ከአንድ ኩባንያ መውሰድ ተፈቅዷል። ያንን ይተዉትና ጠቅልለው ወደኛ ይምጡ» ሲል አንሾካሾከ። እሱ እንደ ወጣ ናፍታሊም ተመልሶ ያንኑ አለ።

«እናንተ ሰዎች» አሉ አያ ማሐሪ፣ «የእርቁ ዳቦ እንኳ ገና ከሆዳችሁ አልደረሰም።»

ከሰዓት በኋላ ባር ደወለች። ምስሏ ጥርት ያለ ነበር። ወይዘሮ ትሁን ወንበሩን ስበው ያዙት።

«ከስተሻል።»

«አልከሳሁም ሳብታ፣ ካሜራው ነው» አለች ባር፣ ሴት አያቷን በዕብራይስጥ እየጠራች።

«በካሜራው አታሳብቢ። አያትሽ ጠዋት አስታርቆታል፤ ቅንድብሽ ሳይቀር ይታየኛል። በይ፣ ምን በልተሽ ነው ያደርሽው?»

ባር የበላችውን መቁጠር ጀመረች። አያ ማሐሪ ከወንበሩ ኋላ ቆመው ሰላም ለማለት አንገታቸውን ብቅ ቢያደርጉ ቦታ የሰጣቸው አልነበረም። ቅርም አላላቸው።