አስተርጓሚው ላእከ ማርያም አርምሞን እንደ ተማሩ

አንባቢ ሆይ፤ የሰው ልጅ ስለ ሌላው ከሚሸከማቸው ሸክሞች ሁሉ ጀርባን ሳያጎብጥ ነፍስን የሚያደክም አንድ ሸክም አለ፤ እርሱም የሌላ ሰው ቃል ነው። እንጨት የተሸከመ ከደረሰበት ጥሎ ያርፋል፤ ውሃ የቀዳ እንስራውን አውርዶ ወገቡን ያቃናል፤ የሌላውን ቃል ከልሳን ወደ ልሳን የሚያሻግር ግን የራሱን ሐሳብ ከደጅ አቁሞ፣ የራሱን ልብ ዝም አሰኝቶ፣ በባዕድ ሐዘን ሲያዝን በባዕድ ደስታ ሲደሰት ይውልና፣ ቤቱ ሲገባ ከአፉ ከወጣው ቃል ሁሉ የእኔ ነው የሚለው እፍኝ አይሞላም። ሊቃውንት ስለ ንግግር ብዙ ጽፈዋል፤ ስለ አርምሞም እንዲሁ። መናገርን መተዳደሪያው ያደረገ ሰው አርምሞን ለመማር ምን ያህል መከራ እንደሚቀበል ግን የጻፈ መኖሩን እጠራጠራለሁና፣ ዐቅሜ እንደ ፈቀደልኝ እኔው ልተርክ።

በደሴ ከተማ፣ ከጦሳ ተራራ ግርጌ፣ የባሕር ማዶ ሐኪሞች ሕሙማንን በሚረዱበት አንድ ሐኪም ቤት፣ አቶ ላእከ ማርያም የተባሉ፣ ቁመናቸው የተመዘነ፣ አነጋገራቸው የተመረጠ አስተርጓሚ ነበሩ። ከጎልማሳነት እስከ ሽበት የሕመምተኛውን ቃል ወደ እንግሊዝኛ፣ የሐኪሙን ቃል ወደ አማርኛ ሲመልሱ፣ አንዱ ተናግሮ ሳይጨርስ ሌላው እንዲሰማ ማድረግ ክብራቸውና ኩራታቸው ነበር። በሕሙማን ክፍል ጸጥታ ማለት ሕመም ያልተነገረበት፣ መድኃኒትም የዘገየበት ጊዜ ነውና፣ ጸጥታን እንደ ጠላት ቈጥረው ገና ብቅ ሲል በቃል ይመቱት ነበር። ይህም ልማድ ከሥራቸው ቦታ ተከትሏቸው ቤታቸው ድረስ ስለ ገባ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ትሁኔ ከጎረቤት ጋር ሲያወጉ እንኳ አቶ ላእከ ማርያም ከመካከል ገብተው የአንዷን ነገር ለሌላዋ አጥርተው ያስረዱ ነበር። «እኔና ጎረቤቴ አማርኛ ለአማርኛ ስንጨዋወት እርስዎ መሀል የሚገቡት ተጣልተን ነው እንዴ?» ይሏቸው ነበር ወይዘሮ ትሁኔ፤ «አመልን በጉያ፣ ስንቅን በአህያ ይባላል።» እርሳቸውም አፍረው ዝም ይላሉ፤ ዝምታቸውም ጎረቤቲቱ አፏን እስክትከፍት ድረስ ብቻ ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ከረዥም ደዌ የተፈወሱ አንዲት የወረኢሉ ባልቴት ሐኪሙን መርቀው ሊሰናበቱ ተነሡ። አቶ ላእከ ማርያም እንደ ልማዳቸው ምርቃቱን እየተቀበሉ ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሱ፣ ሐኪሙም ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሲቀበሉ፣ ባልቴቲቱ ምርቃታቸውን ድንገት አቋረጡና፣ «ልጄ፣ ምርቃት እኮ ከመራቂው አፍ ሲወጣ ነው። ለእኚህ ሰው የደረሳቸው ያንተ እንጂ የኔ አይደለም» ብለው፣ እንደ ከፋቸው ወጥተው ሄዱ። ቃሉ በአስተርጓሚው ልብ ተተከለ። ለቁጥር በሚያታክቱ ሰዎች ፈንታ ሲናገሩ ኖረው ከእነዚያ ሁሉ አንዱን እንኳ ተናጋሪ አለማድረጋቸው በዚያች ቅጽበት ተገለጠላቸው፤ አዘኑም። ስለዚህ ከጥቂት ጊዜ በኋላ፣ ጠዋት ጠዋት በሐኪም ቤቱ እያገለገሉ፣ ከቀትር በኋላ በከተማው በሚገኝ አንድ የመምህራን ማሠልጠኛ የእንግሊዝኛ መምህርነትን በትርፍ ሰዓት ሊማሩ ተመዘገቡ። ባልንጀሮቻቸው «ሽበት ይዞ ተማሪ ቤት» እያሉ ቢሣለቁባቸውም፣ እርሳቸው ግን በቀሪ ዘመናቸው አንድ ሰው በገዛ አፉ ሲናገር ሰምተው መሞትን ተመኝተው ነበርና፣ ሣቁን ከቁም ነገር አልቈጠሩትም።

በትምህርቱ ዕውቀት የሚደርስባቸው አልነበረም፤ ያቃታቸው ማስተማሩ ነበር። አሠልጣኛቸው መምህርት ዐጸደ በዕድሜ ልጃቸው ልትሆን የምትችል፣ በአስተዋይነት ግን ከብዙ ሽማግሌ የምትበልጥ ሴት ነበረች። ሠልጣኞቹን የምትፈትነው ከሥራ በኋላ የሚማሩ ጎልማሶች በተሰበሰቡበት ክፍል ሲሆን፣ የላእከ ማርያም ተራ በደረሰ ጊዜ ክፍሉ ተአምር አየ። በእንግሊዝኛ ጠየቁ፤ ተማሪ ከመቀመጫው ሳይነሣ ጥያቄውን ራሳቸው ወደ አማርኛ መለሱት፤ ተማሪው በአማርኛ ሲመልስ መልሱን በተዋበ እንግሊዝኛ አሰሙት፤ ሰዓቱም በዚሁ ዐይነት አለቀ። ተማሪዎቹ ጨዋታ እንዳዩ ሰዎች ተደስተው ወጡ፤ መምህሩም ፊታቸው በርቶ ወደ አሠልጣኛቸው ቀረቡ። መምህርት ዐጸደም በትሕትና ብድግ ብላ፣ «አቶ ላእከ ማርያም፣ እንዲህ ያለ እንግሊዝኛ ሰምቼ አላውቅም። ነገር ግን ዛሬ በዚህ ክፍል እንግሊዝኛ የተናገረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም እርስዎ ነዎት» አለቻቸው። ወደቁ። በማሠልጠኛው ደንብ ፈተናው የሚደገመው አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ሁለተኛ የወደቀ ከመምህርነት መንገድ ለዘለቄታው ይሰናበታል። ያን ዕለት ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ሐፍረቱ ከዳገቱ ይልቅ ከበዳቸው።

ከዚያ በኋላ የነበረው ትጋት ለተመልካች የሚያሥቅ፣ ለባለቤቱ ግን የሚያስጨንቅ ነበር። ጠዋት በሐኪም ቤት አንደበታቸውን እንዲያፈጥኑ ግድ ይሆናል፤ ከቀትር በኋላ ያንኑ አንደበት እንዲገቱት ይታዘዛሉ፤ አንድ ፈረስ በአንድ ቀን እየጋለበም እየቆመም ይውል ዘንድ እንደ መጠየቅ ያለ ነገር ነው። በመጨረሻ ለምላሳቸው ጠባቂ ይሆን ዘንድ ቅርንፉድ በጥርሳቸው ነክሰው መቀመጥ ጀመሩ። ወይዘሮ ትሁኔ የጥርስ ሕመም መስሏቸው ተጨነቁ፤ ጎረቤቲቱም ወሬዋን ጀምራ እስክትጨርስ ማንም ሳያስረዳላት ስለ ቀረ፣ «ጋሼ ምን ነካቸው?» ብላ በሹክሹክታ ጠየቀች። ምክንያቱ በተነገራቸው ጊዜ ግን ወይዘሮ ትሁኔ አልሣቁም፤ «እንግዲህስ እግዜር ይርዳዎት፤ እኔም ስናገር ዝም ይበሉኝ፤ ይልመዱት» አሉና ከዚያ ቀን ጀምሮ ሆነ ብለው ነገራቸውን እያንዛዙ ባላቸውን ያለማምዱ ጀመር።

የሁለተኛው ፈተና ዕለት ደረሰ። ከክፍሉ በስተኋላ ከመምህርት ዐጸደ ጎን ከጠቅላይ ግዛቱ የተላኩት የትምህርት ተቆጣጣሪ፣ ግራዝማች ሸዋንግዛው፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ተቀምጠዋል። ግራዝማች በፈረንሳይኛ ትምህርት ያደጉ፣ እንግሊዝኛን የማያውቁ፣ ጠባያቸው ግን ጭምት የሆነ ሹም ሲሆኑ፣ የሠልጣኙ ወረቀት ያለ እርሳቸው ፊርማ አይጸናም ነበር። አቶ ላእከ ማርያም ሰላምታ ሰጥተው፣ ከተማሪዎቹ መካከል እታፈራሁ የተባለችውን፣ በዚያው በሐኪም ቤት አስታማሚ የሆነችውን ሴት አስነሡና ያን ዕለት ጠዋት ምን ስትሠራ እንዳረፈደች በእንግሊዝኛ ጠየቋት። እታፈራሁ ለዓመታት እርሳቸው በሐኪሙና በሕሙማን መካከል ሲያስተረጕሙ እያየች የኖረች፣ የሚነገረውን አብዛኛውን የምትረዳ፣ ከይሉኝታ የተነሣ ግን አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ያልወጣት ሴት ነበረች። ተነሣች፤ ነጠላዋን አስተካከለች፤ ከዚያም መሬት መሬት እያየች ቆመች።

ጸጥታው ወረደ። አቶ ላእከ ማርያም መልሱን ከፊቷ ላይ ያነቡታል፤ ሦስት ቃል ቢያበድሯት ትድናለች፤ በሐኪም ቤት ቢሆን ኖሮ እስካሁን ሁለት ጊዜ ተናግረውላት ነበር። አፋቸው ግን እንደ ተዘጋ ጸና። ጸጥታው ከልክ ያለፈ የመሰላቸው ግራዝማች ከዘራቸውን ጠቅ አድርገው፣ «አቶ ላእከ ማርያም፣ ሴትዮዋ ተጨንቃለች። በአማርኛ ይንገሯትና ትገላገል እንጂ» አሉ። የሹምን ትእዛዝ ሳይፈጽሙ ቀርተው የማያውቁት ሰው እጅ ነሡ እንጂ ጥያቄውን ወደ አማርኛ አልመለሱም። በዚህ ጊዜ እታፈራሁ ቀና አለች፤ ፊቷንም ወደ ግራዝማች መልሳ፣ በተሰባበረ ግን በሚሰማ እንግሊዝኛ፣ ጌታዬ፣ ጥቂት ይታገሡኝ፤ ቃሉ እየመጣልኝ ነው፣ አለቻቸው።

ግራዝማችም ወደ አቶ ላእከ ማርያም ዞረው፣ «ምን አለች?» ብለው ጠየቁ።

አንባቢ ሆይ፤ እኚህ ሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ የኖሩት ለዚህች አንዲት ጥያቄ መልስ ለመስጠት ነበር። አፋቸው ሳያዙት ተከፈተ፤ ሊናገሩም የመጀመሪያዋ ፊደል ከከንፈራቸው ደረሰች። በብርቱ ተጋድሎ መለሷትና፣ «ክቡርነትዎ፣ ተናጋሪዋ ከፊትዎ ቆማለች፤ ከራሷ ቢሰሙት ይሻላል» አሉ። መምህርት ዐጸደ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። እታፈራሁም ያለችውን ነገር በአማርኛ፣ በአክብሮት፣ አንዳች ሳታጎድል ለሹሙ ነገረቻቸው፤ ቀጥላም ማንም ሳያዛት ወደ እንግሊዝኛዋ ተመለሰችና፣ ጠዋት መስኮት መክፈቷን፣ አንድ ሕፃን ማጠቧን፣ እናቱንም ማጽናናቷን እየወደቀች እየተነሣች ተረከች። ግራዝማችም፣ «እኔ ፈረንሳይኛ ስማር እንዲህ የሚጠብቀኝ ሰው አላገኘሁም ነበር» አሉና የላእከ ማርያምን ወረቀት ፈረሙ። አቶ ላእከ ማርያም ያን ዕለት ቤታቸው ሲደርሱ ለወይዘሮ ትሁኔ ማለፋቸውን ለመንገር ቃል አጥሯቸው ዕንባቸው ቀደመ።

የዚያ ዓመት ክረምት ሊወጣ ሲል፣ አንድ ጠዋት ወደ ሐኪም ቤቱ ቢገቡ፣ ሐኪሙ ከአንድ ሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ቆመው እታፈራሁን ያነጋግራሉ፤ እርሷም የሕመምተኛውን ነገር በዝግታ፣ እየተሳሳተች፣ ሳትፈራ ትነግራቸዋለች። ማንም አስተርጓሚ አልጠራም፤ መግባታቸውንም ያስተዋለ የለም። አቶ ላእከ ማርያም ቅር አላቸው፤ ይህን አልደብቅም፤ የኖሩበት ቦታ በሌላ ሰው ተይዞ ማየት ለማንም ይከብዳል። ነገሩ ተነግሮ እስኪያልቅ ከበሩ አጠገብ ቆመው አደመጡ፤ ሲያልቅም ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ከቀትር በኋላ ጎልማሶችን ወደሚያስተምሩበት ክፍል ያለ ሰዓታቸው አቀኑ። የአስተርጓሚ ክብሩ ማስፈለጉ ነው፤ የመምህር ክብሩ ግን የማያስፈልግበትን ቀን በገዛ እጁ ማቅረቡ ነው።