ማናልሞሽ የነገረችኝ ትያትር

ስኳር ዓይኔን ከወሰደው ወዲህ የሚያናድደኝ ጨለማው አይደለም፤ ሰው ነው። አንዱ ሳልጠይቀው ክንዴን እየጎተተ መንገድ ያሻግረኛል፣ ሌላው ጆሮዬም የጠፋ ይመስል ይጮኽብኛል። ሚስቴ ማናልሞሽ ግን ምንም አትል። ታጥበኛለች፣ መድኃኒቴን ትሰጠኛለች፣ እጄን ይዛ ትመራኛለች። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ሾፌር ሳለሁ ከቴፒ ቡና ጭኜ ስመለስ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። አሁን አብራኝ ያለችው ወዳኝ ይሁን አዝናልኝ አላውቅም። እንዴት ብዬስ ልጠይቃት?

በዘጠና አራት ዓ.ም. ግንቦት ላይ ሞንታርቦ የጫነች መኪና ከተማችንን ሚዛንን እየዞረች፣ ከአዲስ አበባ የመጡ ተዋንያን በከተማው አዳራሽ ትያትር እንደሚያሳዩ ለፈፈች።

«እንሂድ» አልኳት።

«አንተ ደግሞ! ምን ልታደርግ?»

«ልሰማ ነዋ! አንቺ ታይልኛለሽ።»

በወጣትነታችን ትያትር መጣ ከተባለ እኔና እሷን የሚቀድመን አልነበረም።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ማናልሞሽ ጆሮዬ ሥር ታንሾካሹክልኛለች፤ ግን ከመንገር ይልቅ ከተዋንያኑ ጋር መጣላት ይቀናታል። «ውይ፣ ቀሚሷ ሲያምር! ኧረ እዩልኝ ይቺን!»

«ማንን ልይ? ምን አደረገች?» ስላት፣ ከኋላችን የተቀመጠው ጎረቤታችን ሙሴ ይስቃል። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ። የተዋንያኑ ድምፅ፣ የመድረኩ ጣውላ ሲጥ ማለት፣ የተመልካቹ «እሰይ!» እና የሷ ሹክሹክታ ተደማምሮ ትያትሩ ውስጤ ገባ።

ታሪኩ ግን አላማረኝም። ባልየው ታሞ አልጋ ላይ ዋለ። ሚስትየዋ ተደብቃ ታለቅሳለች። ከዚያ ማናልሞሽ ቀስ ብላ «ሻንጣ አወጣች» አለችኝ። «ልብሷን እየከተተች ነው።»

ተመልካቹ «ኧረ አትሂጂ!» ብሎ መጮኽ ሲጀምር የሚዛን ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ወረደ። ያን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አጠገብህ ያለ ሰው እንኳ አይሰማህም። ትያትሩ ከእኔ ጠፋ። እንደዚያች ሰዓት የታወርኩ አይመስለኝም።

«ማናልሞሽ! ሄደች?» ብዬ ጮኽኩ።

ትከሻዋን ነቀነቅኩ።

«ሄደች ወይ? ንገሪኝ እንጂ!»

እጇ አንገቴን አቀፈኝ። በሰው ፊት ስሜን ለመጥራት እንኳ የምታፍር ሴት፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ባለበት፣ ራሴን ስባ ትከሻዋ ላይ አሳረፈችና ግንባሬን ሳመችኝ።

«እንዲህ አደረገችው» አለች፣ አፏን ጆሮዬ ላይ ገጥማ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አጠገቡ ተቀመጠች። መጋረጃው ተዘጋ።»

አለቀስኩ፤ ምን ያሳፍራል።

ዝናቡ አባርቶ ስንወጣ ሙሴ ከኋላ ደረሰብን። «አይ ጭካኔ፣ ጋሼ ገብረወልድ! በሽተኛ ባሏን ጥላ፣ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ውልቅ! ዞር ብላ እንኳ አላየችውም እኮ!»

ማናልሞሽ ቀጥ አለች። እኔ ክንዷን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩና ወደ ሙሴ ድምፅ ዞርኩ።

«ወግድ!» አልኩት። «አንተ ደግሞ ምኑን አየኸው!»