ሲመጣም እንዲህ ነበር

ሰው አጥንትን ድንጋይ ይመስለዋል። ድንጋይ! እሷ ይህን ስትሰማ ደሟ ይፈላል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በሆስፒታሉ ምድር ቤት አጥንት ስታለሰልስ፣ ስትቆርጥ፣ ቀለም ስታጠጣ የኖረች ሴት ናት። በማይክሮስኮፕ ላየው አጥንት ሥራ ያልቆመበት ግንባታ ነው። ገንቢ ሴሎቹ ጎን ለጎን ተሰልፈው መጀመሪያ ለስላሳ ክር ይዘረጋሉ፤ ካልሲየሙ ኋላ ይመጣና ያጠነክረዋል። ከገንቢዎቹ አንዳንዶቹ በገዛ ሥራቸው ተከበው በየጉድጓዳቸው ይቀራሉ። ግን አይሞቱም፤ ከጎረቤት ጋር በቀጭን ቦይ እየተነካኩ ይኖራሉ።

ታናሽ ወንድሟ ጣሪያ ሠሪ ነው። ከልጅነቱ ከፍ ያለ ነገር ካየ ስለማያስችለው ጦጣው ተብሎ ቀረ። አንድ ቀን ከመሰላል ተንሸራቶ ቅልጥሙን ተመታና "ምን አባቱ!" ብሎ ሥራውን ቀጠለ። በወሩ እግሩ አበጠ። ቀዶ ሐኪሙ ራጁን አይቶ ፊቱ ጠቆረ። "ወይ የተሰነጠቀው እየጠገነ ነው፣ ወይ ካንሰር ነው። ሁለቱም አዲስ አጥንት ይሠራሉ" አለ። ጥገና ከሆነ እግሩ ይተርፋል፤ ካንሰር ከሆነ ይቆረጣል። ከእብጠቱ ትንሽ ቁራጭ ተወስዶ ወደ እሷ ክፍል ወረደ።

አጥንት እንዲሁ አይቆረጥም፤ አሲድ ውስጥ ተነክሮ ካልሲየሙ መውጣት አለበት። ደንቡ ደካማው አሲድ ነው፤ ሳምንታት ይፈጃል። ኃይለኛው በአንድ ቀን ይጨርሳል፣ ግን መለስለሱን በየሰዓቱ በመርፌ እየወጉ ካልፈተሹት ሴሎቹን ይበላቸዋል። ስለዚህም ያለ ክፍሉ ዶክተር ፈቃድ አይነካም። ጦጣው ደግሞ በየቀኑ ይደውላል፤ "እትዬ፣ ምነው ዘገየ? እንቅልፍ አጣሁ እኮ!" አንጀቷ አልቻለም። ዓርብ ጠዋት ቁራጩን ኃይለኛው ውስጥ ከተተችው።

ከሰዓት በኋላ ወንድምሽን ሕመሙ ባሰበት ተብላ ተጠራች። ቶሎ እመለሳለሁ ብላ ሄደች፤ አልጋው አጠገብ ቅዳሜና እሑድ ሲያልፉ ቁራጩን ረሳችው። ሰኞ ቁራጩን ስታወጣው እንደ ራሰ ወረቀት ተልመጠመጠ። ቀለም ብታጠጣው አልያዘም፤ አጥንቱ ሮዝ፣ ሴሎቹ ባዶ ጥላ። ወይ ጉዷ!

ስላይዱን የሚያነቡት የክፍሉ ሽማግሌ ዶክተር ብዙ አዩት። "ይሄ ሕይወት የለውም። ናሙናው ሲመጣም እንዲህ ነበር?"

እውነቱን ብትናገር እንጀራዋ ይቀራል። ብትዋሽ ደግሞ ሌላ ቁራጭ ይጠይቃሉ እንጂ ጉዳት የለውም ብላ አሰበች።

"አዎ ዶክተር። ሲመጣም እንዲህ ነበር።"

እሳቸው ግን ሌላ ቁራጭ አልጠየቁም። "ያለ ሥርዓት የተሠራ አጥንት፣ ሴሎቹም የሞቱ። ደም ሊደርስለት ከሚችለው በላይ ያደገ ካንሰር እንዲህ ነው የሚሞተው" ብለው ጻፉ።

እግሩ እስኪቆረጥ ሦስት ቀን ነበራት። ጠዋት ልናገር ትላለች፣ ከሰዓት ልናገር ትላለች። እሳቸው ተሳስተው አያውቁም ብላም ራሷን ታባብላለች። በአራተኛው ቀን እግሩ ተቆረጠ፤ ተጠቅልሎ፣ ቁጥር ተለጥፎበት፣ እሷው ጠረጴዛ ላይ መጣ። አውራ ጣቱ ላይ የጣሪያ ቀለም ነበረበት። ተቀምጣ አለቀሰች።

ከዚያ እንደ ደንቡ ሠራች። ደካማውን አሲድ እየለወጠች ስድስት ሳምንት ጠበቀች። ቀለሙ እንደዚያ አምሮ ይዞ አያውቅም። ከስንጥቁ አጠገብ አዲሱ አጥንት በጥድፊያ የተሸመነ ነው፤ ወደ ዳር ሲሄድ ግን እየረጋ፣ እየተደራረበ፣ ጫፉ ላይ ገንቢዎቹ አንድ ባንድ ተሰልፈዋል። ካንሰር የሚባል ነገር የለም።

ዶክተሩ አዩት። መነጽራቸውን አውልቀው ያንኑ ጥያቄ ደገሙት። በዚህኛው ጊዜ እውነቱን ነገረቻቸው።

"የእኔንም ጥፋት እኔ እጽፋለሁ" አሉ። "ወንድምሽን ግን አንቺው ንገሪው።"

ጦጣው በር ላይ ወንበር አውጥቶ የጎረቤቱን አዲስ ጣሪያ እየተቸ ነበር። "እትዬ መጣሽ! ሠራተኛው ቆርቆሮውን እንዴት እንደመታው እዪልኝማ፣ አይኑ ይጥፋ!" ከዚያ እጇን ያዘ። "ያኔ ባትቸኩዪልኝ ኖሮ ይሄኔ አፈር ነበርኩ። ለሰው ሁሉ ነው የማወራው።"

"አታውራ" አለችው። "ካንሰር አልነበረም። ቁራጩን አሲድ ውስጥ ረስቼ ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ለዶክተሩም ዋሸሁ። እግርህ እየጠገነ ነበር።"

ቀልድ መስሎት ሳቀ። ፊቷን ሲያይ ሳቁ ቀረ፤ እጇንም ለቀቀው።

"ለመዳን ስንት ይቀረው ነበር?"

"ስድስት ሳምንት ያህል።"

እግሩ ከተቆረጠ ያለፉትን ሳምንታት በጣቶቹ ቆጠረ፤ ቀስ ብሎ፣ ሁለት ጊዜ። ከዚያ ቀና ብሎ የጎረቤቱን ጣሪያ አየ።

"ታዲያ ይሄን ቆርቆሮ የምመታው እኔ ነበርኩ" አላት።