አሥራ አራተኛው መስመር

እናትየው ያንን ነገር የጣለችው ሰኞ ጠዋት ነው። ምን እንደ ጣለች ያወቀችው ግን ረቡዕ ነው። በመሃሉ የቆሻሻ መኪናው መጥቶ ሄዷል።

ሲያዩት እዚህ ግባ የማይባል ነገር ነበር። እንደ እንቁላል ቅርፊት የሳሳ፣ ውሃ የመሰለ ፕላስቲክ፣ መሃሉ ጎበጥ ያለ፣ ዙሪያው እንደ ባርኔጣ ክፈፍ የተንጣለለ። በክሊኒክ ጽዳት አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራች ሴት እንዲህ ያለውን ፕላስቲክ በቀን መቶ ጊዜ ትጥላለች፤ የመርፌ ልባስ፣ የክኒን ማሸጊያ። ዓይኗ ልብ ሳይለው እጇ ያነሣዋል። የልጇን ጠረጴዛ ስትወለውል አገኘችው፣ ጨበጥ አደረገችው፣ ጭርር አለ፣ ከባልዲው ከተተችው። አለቀ።

ልጇ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ የአውሮፕላን መካኒክ። ባለፈው ዓመት ከባልደረቦቹ ጋር የጠገነው አንድ ትንሽ አውሮፕላን በተነሣ በሩብ ሰዓቱ መሪው አልታዘዝ ብሎ ሣር ላይ ተንሸራቶ ቆመ። ሰው አልሞተም። ሲፈተሽ መሪው ሥር የተረሳ የእጅ ባትሪ ተገኘ። ባትሪውን የረሳው ሌላ መካኒክ ነበር። የመሣሪያውን ሣጥን ቆጥሮ "ሙሉ ነው" ያለውም እሱው ነው። የሰውየውን ቃል አምኖ ከሥሩ የፈረመው ግን ልጇ ነው። መርማሪዎቹ በማስጠንቀቂያ አለፉት፤ እሱ ራሱን አላለፈም። እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ከዚያ አልጋው ላይ ወጥቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ስምንት ወር። እናቱ ምግብ አቅርባ ምግብ ታነሣ ነበር።

ከዚያ ብሎን መጣ። ብሎን የልጇ የሥራ አለቃ ነው፤ አጭር፣ ራሰ ክብ፣ አንዴ ከጠበቀ የማይላላ ሰው በመሆኑ ነው ስሙ የወጣለት። አንድ ቅዳሜ ካርቶን በብብቱ ሸጉጦ ገባና ውስጡ ያሉትን የፕላስቲክ ቁርጥራጮች የአልጋው ጫፍ ላይ ዘረገፈ።

"መጀመሪያ አብረን የጠገንነው አውሮፕላን ነው፤ ያ አሮጌው የሰብል መድኃኒት ረጪ። ይሄን በእጅ የሚገጣጠም ትንሽ ሞዴሉን ትልልቆቹ ፋብሪካዎች አይሠሩትም፣ ማን ይገዛዋል ብለው። ሁለት ሽማግሌዎች ጓሯቸው ውስጥ ቀርጸው ሦስት መቶ ብቻ አወጡ። አንዱ ሞተ፣ አንዱ ሥራውን ተወ። እና ልንገርህ፣ ከይሲ ነገር ነው። ምኑም ከምኑም አይገጥምም።"

ልጁ አልዞረም።

"ግራና ቀኙ እኩል አይደለም። ክንፉ መያዣ የለውም፤ በምራቅ ይጣበቅ ብለው ነው መሰለኝ። ለነገሩ አንተ አትችለውም። የሚችል ሰው እስካገኝ እዚህ ይቀመጥልኝ።"

ይህን ብሎ ሄደ። በሦስተኛው ቀን እናትየው ከሥራ ስትመለስ ልጇ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ፣ ሁለቱን የአውሮፕላን ጎኖች ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያይ አገኘችው።

"እማ፣ ቤት ውስጥ ብርጭቆ ወረቀት ይኖራል?" አላት።

በስምንት ወር የጠየቃት የመጀመሪያ ነገር ነው። መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ እንዳይሰማ ቧንቧ ከፍታ አለቀሰች።

መመሪያው በባዕድ ቋንቋ ስለ ነበር ብሎን ወደ አማርኛ መልሶ፣ እንደ መሥሪያ ቤታቸው የሥራ ካርድ አድርጎ ጽፎለታል። ተራ ቁጥር፤ ሥራው፤ የሠራው ሰው ፊርማ፤ ያየው ሰው ፊርማ። ሃያ መስመር። ልጁ ይሠራና ይፈርማል፤ ብሎን ቅዳሜ ቅዳሜ መጥቶ በአጉሊ መነጽር ካየ በኋላ ይፈርማል። ክፍተት በስቱኮ ተለብጦ ካገኘ፣ "አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ! አፍርሰው" ይላል። ከካርዱ ግርጌ ደግሞ በትልልቁ፣ "ዕቃ የጠፋበት ሰው እዚህ ይጻፍና ይፈርም" የሚል አለ።

እናትየው ይህ ለምን እንዳስፈለገ ሻይ ስታቀርብለት ጠይቃው ነበር።

"በእኛ ቤት ዕቃ መጥፋቱ ወንጀል አይደለም፣ እትዬ" አላት። "ጠፍቶ ዝም ማለት ነው ወንጀሉ። አንድ መፍቻ ከጎደለ፣ ንጉሥ ቢሳፈርበትም አውሮፕላኑ አይነሣም።"

ያን ረቡዕ ልጇ ጸጉሩን ሊስተካከል በገዛ እግሩ ወጣ። እሷ የጎልማሶች ትምህርት ከጀመረች ሁለተኛ ዓመቷ ነው፤ ፊደል የያዘ ነገር ካገኘች አታልፍም፣ የሳሙና ልባስም ቢሆን። ካርዱን አንሥታ፣ ጣቷን ከመስመሩ ሥር እየጎተተች ማንበብ ጀመረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። የልጇ ፊርማ እስከ ዘጠኝ ደርሷል። ደስ ብሏት ቀጠለች። አሥራ አራት ላይ ደረሰች።

"ከ... ግልጹ... ቀጭን ፕላስቲክ ላይ... የአብራሪውን መስታወት... ቆርጠህ አውጣ። ያለው አንድ ብቻ ስለሆነ... ተጠንቀቅ።"

ከጎኑ ብሎን ሥዕል ሥሎበታል። መሃሉ ጎበጥ ያለ፣ ዙሪያው እንደ ባርኔጣ ክፈፍ የተንጣለለ።

ወንበሩን ይዛ ተቀመጠች። እንደገና አነበበችው፤ ፊደሉን ሳትችለው ቀርታ እንደሆን ብላ። አልተሳሳተችም። በሕይወቷ እንደዚያ ቀን አጥርታ አንብባ አታውቅም።

ወርዳ ገንዳው ጋ ሄደች። ባዶ ነው፤ ከሥሩ የሙዝ ልጣጭና ዝናብ ብቻ። ጎንበስ ብላ ስትቆይ ጎረቤት፣ "ምን ጠፋብሽ?" አለቻት።

"ቁልፍ" አለች። የመጀመሪያዋ ውሸት ያቺ ናት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍርሃቷን በቁጥር ያዘችው። ልጇ መስታወቱ ካርቶኑ ውስጥ ያለ መስሎታል፤ አሥራ አራት እስኪደርስ አይፈልገውም። በየቀኑ ፊቱን ሲታጠብ ጠብቃ ካርዱን ታያለች። አሥር ተፈረመ። በማግስቱ አሥራ አንድ። ቀድሞ "ልጄ፣ በርታ" ስትል የኖረች እናት አሁን "ዛሬስ አልደከመህም? አረፍ አትልም?" ማለት አመጣች። አርብ ዕለት ክንፉ ከነሙጫው ተገንጥሎ መሬት ሲወድቅ በልቧ እሰይ አለች። ወዲያው የገዛ ልቧን ሰማችውና ደነገጠች። ልጇ ግን አልተናደደም። ክንፉን አነሣ፣ በቀጭን መሰርሰሪያ ሁለት ቀዳዳ በሳ፣ የሽቦ ካስማ ሰካበት። እጁ እየተንቀጠቀጠ ነው የሠራው፤ ትንፋሹን ይዞ፣ በሁለት ትንፋሽ መካከል። አሥራ ሁለት ተፈረመ።

ቅዳሜ ብሎንን ደረጃው ላይ ጠብቃ ያዘችው።

"እንደው ለመጠየቅ ያህል... ከዚያ ዕቃ አንዱ ቢበላሽ፣ ሌላ ይገኛል?"

"ከየት ይመጣል፣ እትዬ? የሞተውን ሰውዬ ልቀስቅሰው?" ብሎ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ተወ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እኔ የፈራሁት ዕቃው አይደለም። እንደ ገና ፊቱን ወደ ግድግዳ ካዞረ፣ ሌላ ይዤ የምመጣው ነገር የለኝም። ይሄው ነው ያለኝ።"

እናገራለሁ ብላ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን "ሻይ ልቅዳልህ?" ነበር።

እሑድ ልጇ ተኝቶ ሳለ የውሃ ጠርሙስ ቆረጠች፣ ምድጃ ላይ አሞቀች፣ በማንኪያ ጀርባ ላይ ወጠረችው። ፕላስቲኩ ኩምትር ብሎ እንደ ተቃጠለ ቆዳ ተጨማደደ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንዲሁ። ከስኳር ጣሳው ጀርባ ደበቀቻቸው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ሲባል ትሰማ ነበር፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ቤቷ ገቡ።

ሐሙስ ምሳ ላይ ነው ነገሩ የጠነከረው። ልጇ አሥራ ሦስትን ጀምሯል። በልቶ ጨርሶ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ስለዚያ ቀን ተናገረ።

"ያውቅ ነበር እኮ፣ እማ።"

"ማን?"

"ባትሪውን የረሳው ልጅ። አውሮፕላኑ ከመነሣቱ በፊት ትዝ ብሎት ነበር፤ ለመርማሪዎቹ ነግሯቸዋል። ፈራሁ አለ። ያን ቀን አብረን ምሳ በልተናል። ዓይን ዓይኔን እያየ ዳቦ ቆርሶ ሰጥቶኛል።" ጣቶቹን ተመለከተ። "መርሳቱንማ ማን አይረሳም? የገደለኝ ዳቦው ነው።"

እናትየው እጇ ላይ የቆረሰችው ዳቦ ነበር። ወደ እሱ ዘርግታው ነበር። መልሳ ሣህኑ ላይ ማስቀመጡም አስፈራት፤ መስጠቱም አስፈራት። እጇ በአየር ላይ ቀረ።

"ምነው እማ?"

"ደረቀ መሰለኝ" አለች።

አርብ ከመምሸቱ በፊት አሥራ ሦስት ተፈረመ። በማግስቱ ብሎን ይመጣል፤ ከዚያ በፊት ልጇ ካርቶኑን ያገላብጣል።

ቅዳሜ ጠዋት ልጇ መታጠቢያ ቤት ሲገባ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠች። እርሳስ የያዘው እጇ የእሱን እጅ መሰለ። ትምህርት ቤት የሚሰጧት ቃል "በሬ"፣ "ቤት"፣ "ጠዋት" ነው። ይህንን ማንም አላስተማራትም። ከግርጌው፣ ዕቃ የጠፋበት ሰው ከሚለው ሥር፣ አንዱን ፊደል ከአንዱ እያስታረቀች ጻፈች፦

"መስታወቱን እኔ ጣልኩት። ቆሻሻ መስሎኝ ነው። ፈርቼ ዝም አልኩ። እናትህ።"

ካርዱን እንደ ነበረ አድርጋ ወጥ ቤት ገባች። ማጠብ የማያስፈልገውን ብርጭቆ አንሥታ ያዘች።

የመታጠቢያው በር ተከፈተ። ወንበሩ ሲጢጥ አለ። የካርቶን ክዳን። ወረቀት ሲገለባበጥ። አንድ ጊዜ፤ ሁለተኛ ጊዜ፤ ሦስተኛው ፈጠን ብሎ። ከዚያ ምንም።

ብርጭቆው እጇ ላይ ሞቀ። ጠረጴዛው ካለበት ክፍል ሲወጡ በግራ የልጇ መኝታ ቤት፣ በቀኝ ወጥ ቤቱ ነው። ወንበሩ እንደገና ሲጢጥ ሲል ዓይኗን ጨፈነች። እርምጃው ኮሪደሩ ላይ ቆመ። የመኝታ ቤቱ በር ሲከፈት ትንሽ ያቃስታል፤ እሱን እየጠበቀች ትንፋሿን ያዘች።

አላቃሰተም።

ዓይኗን ስትገልጥ ልጇ ካርዱን ይዞ ከፊቷ ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ይሄን ማን ጻፈው?"

"እኔ።"

"ማን አስጻፈሽ?"

"ማንም። ፍርሃት።"

"መቼ ነው የጣልሽው?"

"ባለፈው ሳምንት ሰኞ። ዛሬ አሥራ ሁለት ቀኑ።"

"አሥራ ሁለት ቀን!" ድምፁ ከፍ አለ፤ ትከሻዋ ተሸማቀቀ። "አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ይዘሽው ስትዞሪ... ሐሙስ ያንን ስነግርሽ..."

"አዎ" አለች። "ዳቦው በእጄ ነበር።"

ልጁ በርጩማውን ስቦ ተቀመጠ። ካርዱን ረጅም ጊዜ አነበበው፤ እሷ ራሷ እንደምታነበው፣ ከመስመሩ ሥር በጣቱ እየሄደ። ተነሥቶ የሚሄድ መሰላት። ወደ ግድግዳው።

"ይሄ ፊርማ አይደለም" አለ በመጨረሻ።

"ምኑ?"

"'እናትህ' ብሎ ፊርማ አለ? ስምሽን ጻፊ። ቀንም የለውም። ቀን የሌለው ፊርማ አይቆጠርም፤ ብሎን ካየው ሁለታችንንም ነው የሚያባርረን።"

እየቀለደ ይሁን አይሁን ከፊቱ ማወቅ አልቻለችም። እርሳሱን ሰጣት። ቆማ፣ ካርዱን የወጥ ቤቱ መደርደሪያ ጠርዝ ላይ አስደግፋ፣ ስሟን ጻፈች። ቀኑን ስትጽፍ አንዱን ቁጥር ገልብጣ ጻፈች፤ ሰርዛ አስተካከለች።

"ከሰረዝሽ ጎኑ ላይ ይፈረማል" አላት። ፈረመች።

ከዚያ ዓይኑ ወደ ስኳር ጣሳው ጀርባ ሄደ። የተጨማደደውን ፕላስቲክ አንሥቶ አገላበጠው።

"ይሄስ?"

"ልተካልህ ብዬ።"

"በምን ላይ ነው የወጠርሽው?"

"በማንኪያ።"

ከአፍንጫው የሆነ ድምፅ ወጣ። ሳቅ ነው ብላ ለመማል አልደፈረችም። "መጀመሪያ ቅርጹን ከእንጨት መፋቅ ነው" አለ፣ ወደ እሷ ሳይሆን ወደ ፕላስቲኩ። "ከዚያ ለሁለት ነው። አንዱ ሞቆ ሲለሰልስ ይይዛል፣ አንዱ እንጨቱን ከሥር ይገፋል። አንዴ ከዘገዩ ይበላሻል።" ፕላስቲኩን አስቀመጠ። "እጄን ታውቂዋለሽ።"

"የእኔንስ አላየህም?"

ደረጃው ላይ የብሎን እርምጃ ተሰማ። ልጇ ተነሣ፤ እሷም ወዴት እንደሚሄድ ለማየት ሳትፈልግ አየች። ካርዱን ጠረጴዛው ላይ መለሰው፤ ቢላውን አነሣ፤ ከምድጃው ሥር ካለው ማገዶ ለስላሳ ቁራጭ መረጠ። ነገ ጠዋትም እንዲሁ ይነሣ እንደሆን አላወቀችም። አሥራ አራተኛው መስመር አሁንም ባዶ ነው። እሷ ግን ምድጃውን ለኮሰች፤ ጠርሙስም ልትፈልግ ጎንበስ አለች።